የወደቀው የትኛው ነው?

ከሥራ የወጣሁት በአንድ ማክሰኞ ቀን ነው። ሽልማትም ንግግርም አልነበረም። ፌርፋክስ ላይ የነበረችው ቢሯችን ኪራይዋ ከገቢዋ ሲበልጥ ተዘጋች፤ እኔም የጠረጴዛዬን መሳቢያ ገልብጬ ሁለት ካርቶን ይዤ ወረድኩ። ካርቶኖቹን መኪና ውስጥ ሳስገባ፣ ከታችኛው ምግብ ቤት በር ላይ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ወጣት ስልኩን እየነካካ ለጓደኛው «ብሮ፣ ሦስት ሼር ገዛሁ እኮ» ሲለው ሰማሁ። ጥብሱ ሳይቀርብለት ገዝቶ ጨረሰ። እኛ ያን ሦስት አክሲዮን ለመሸጥ ሰውን ሦስት ቀን እናመላልስ ነበር። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ከፋኝ፤ መኪናዬን ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቢሮ ይናፍቀኛል። አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ ስጽፍ ግን የሚመጣልኝ ደስ ያለኝ ብቻ አይደለም።

ሎስ አንጀለስ እንደገባሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ዌስትውድ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ነበር። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ ሰው ገብቶ መዞር በማይችልባት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ስድስት ዓመት ቲኬት ስቆርጥ ኖርኩ። ቀጥሎ ፌርፋክስ ሰፈር አንድ ባንክ መስኮት ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ የነበረችው አለቃዬ በቀን ለስንት ደንበኛ ፈገግ እንዳልን ወረቀት ላይ የምታሰፍር ሴት ነበረች። ቤቴ ስገባ ጉንጬ ያመኝ ነበር። ደመወዙ ለኪራይና ለቤንዚን በቂ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ጋሼ መኩሪያን ያገኘኋቸው በዚያ መስኮት ነው። ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ፤ ሁልጊዜ ከነከረባታቸው ናቸው። አንድ ቀን የሞሉት ወረቀት ላይ ቁጥር ተሳስተው አየሁ፤ ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«ለምን ታንሾካሽኪያለሽ?» አሉኝ።

«ከኋላዎ ሰው አለ። እንዳይሰማ ብዬ ነው።»

ትንሽ አዩኝና ወረቀቱን አስተካክለው ሄዱ። በሳምንቱ ተመልሰው ሥራ ሰጡኝ። ያን ቀን ያስቀጠረኝ ጠባይ ነው በኋላ ጉድ የሠራኝ።

ጋሼ መኩሪያ አገር ቤት የባንክ ሰው ነበሩ። እዚህ መጥተው ፓርኪንግም ታክሲም ከሠሩ በኋላ፣ ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ተፈትነው የአክሲዮን አሻሻጭ ፈቃድ አወጡ። መሃል ከተማ ባለ ትልቅ ድርጅት ሥር ሆነው ከምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ከፈቱ። ኒው ዮርክ ገበያው ሲከፈት በሎስ አንጀለስ ሰዓት ገና ማለዳ ስድስት ተኩል ነው፤ እሳቸው ግን አምስት ተኩል ላይ ገብተው እርሳስ ይቀርጻሉ። እኔም ፈቃዱን እንዳወጣ አስገደዱኝ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ በሦስተኛው አለፍኩ። ሁለት ጊዜ መውደቄን ለደንበኛ ሁሉ እየነገሩ «ይቺን እመኗት፣ ትምህርቱን ሦስት ጊዜ ተምራዋለች» ይሉ ነበር።

ስለ ጋሼ መኩሪያ ልማድ ካልተናገርኩ ይህን መጻፌ ዋጋ የለውም። ትዕዛዝ የሚጽፉት በእርሳስ ነው። ሰው አክሲዮን ልግዛ ብሎ ሲመጣ በዚያው ቀን አይሸጡለትም፤ «ቤትዎ ይሂዱ፣ ይብሉበት፣ ይተኙበት» ብለው ይሸኙታል። ካለው ገንዘብ ከሦስት አንድ እጁን በላይ አንድ ኩባንያ ላይ እንዲያደርግ አይፈቅዱም፤ ቢለምናቸውም ይቆጣሉ። ክፉ ዜና ደግሞ በስልክ አይናገሩም። ዋጋ የወደቀበትን ሰው ኮታቸውን ለብሰው ቤቱ ድረስ ይሄዱ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ሌላ ነው። ሰውን «ገባዎት?» ብለው አይጠይቁም ነበር። ትልቅ ሰውን እንደዚያ መጠየቅ መድፈር ነው፤ ያልገባውም ሰው ቢሆን «ገብቶኛል» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሁሉን አስረድተው ሲጨርሱ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጉና «ይኸው እኔ ዛሬ ምንም የማላውቅ ደንቆሮ ነኝ እንበል፤ እስቲ እርስዎ ያስረዱኝ» ይላሉ። ሰውየው ማስረዳት ይጀምራል። ከተሳሳተ ጋሼ መኩሪያ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ይወስዱታል፤ «አዩ፣ እኔ በደንብ አልተናገርኩም» ብለው እንደገና ከሀ ይጀምራሉ። አንድን ሰው አራት ጊዜ ሲያስረዱ አይቻለሁ። ካስረዳቸው በኋላ እኔ በመዝገቡ ላይ «አስረድተዋል» ብዬ እጽፋለሁ። ያ ቃል ሳይጻፍ ግዢ የለም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ላይ ሰፈራችን ስለ አንድ የካናዳ ኩባንያ ማውራት ጀመረ። ቤት ለሚገዙ ሰዎች የሚያበድር የገንዘብ ድርጅት ነው፤ ስሙ ይቅርብኝ። የዚህ ድርጅት አክሲዮን በሁለት ገበያ ይሸጣል፤ ኒው ዮርክም ቶሮንቶም። ወሬውን ያመጡት ሾፌሮች ናቸው። አንደኛው፣ ሃውቶርን የሚኖር ባለ ታክሲ፣ ደረጃችንን በሩጫ ወጥቶ ገባ።

«ጋሼ፣ ሎተሪ አገኘን! ኒው ዮርክ ላይ አርባ ዶላር ነው። ቶሮንቶ አርባ አራት! እዚህ ገዝተን እዚያ ብንሸጠውስ? ሰው ሁሉ ዓይኑ የለም እንዴ?»

እኔ ሳቅሁ፤ ጋሼ መኩሪያ ግን አልሳቁም። የመጣው ከየት እንደሆነ ያውቁታል። እኛ የባንኩ ዶላር በአንድ ዋጋ፣ የመንገዱ ዶላር በሌላ ዋጋ ሲመነዘር እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ሁለት ዋጋ ካየን መሃሉ ላይ ትርፍ አለ ብለን እናምናለን።

«የእነሱም ዶላር ይባላል» አሉት። «ስማቸው አንድ ነው እንጂ አባታቸው ለየቅል ነው። የካናዳው አርባ አራት፣ እዚህ ሲመነዘር አርባ ነው። አሁን አንተ አስረዳኝ።»

ሾፌሩ አስረዳ፤ ተሳሳተ፤ እንደገና አስረዳ። በመጨረሻ አንገቱን እየነቀነቀ «ሶ፣ ሁለቱ ዋጋ አንድ ዋጋ ነው» አለና ምንም ሳይገዛ ወጣ። ጋሼ መኩሪያ በዚያ ቀን ደስ ያላቸውን ያህል ሲሸጡ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

እትዬ አስካለ የመጡት ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው።

እትዬ አስካለ የስድሳ አንድ ዓመት ሴት ነበሩ፤ ከእኔ ስድስት ዓመት ይበልጣሉ። ዌስትውድ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም በሌሊት ያስታምማሉ፤ ያነሣሉ፣ ያገላብጣሉ፣ ያጥባሉ። ልጅ የላቸውም። አዳማ አንድ ታማሚ ወንድም አላቸው፤ ሃውቶርን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዘወትር ከጸሎት ቡድናቸው አይለዩም። ያ ሐኪም የካናዳ ተወላጅ ነበሩና ከዚያ ድርጅት በየሦስት ወሩ የሚላክላቸውን የትርፍ ድርሻ ደብዳቤ የሚያነቡላቸው እትዬ አስካለ ነበሩ።

«እኔ እያነሣሁት፣ እሱ ተኝቶ ገንዘብ ይገባለታል» አሉን። «እኔም ተኝቼ እንዲገባልኝ ነው የምፈልገው። ጉልበቴ አልቋል ጋሼ መኩሪያ። ስድሳ አምስት ዓመት ሲሞላኝ አቆማለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልጨምርም።»

ሕልማቸው ይኸው ነው፤ ሌላ የጠየቁን የለም። ጋሼ መኩሪያ አስረዷቸው፣ እሳቸውም መልሰው አስረዱን፤ እንደ ደንቡ ከሦስት አንዱን እጅ ገዙላቸው፤ ሁሉንም በኒው ዮርክ በኩል። እትዬ አስካለ ግን ትንሽ ቆይተው ከቶሮንቶም ጥቂት እንዲጨመርላቸው ፈለጉ። ሐኪሙ ያላቸው ከዚያ ስለሆነ ነው። ጋሼ መኩሪያም ጥቂት ነው ብለው ገዙላቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ጋሼ መኩሪያ የሁለት ዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ለሦስት ሳምንት ቢሮውን ለእኔ ትተው ሄዱ። በዚያ መካከል ያለው አንድ ሰኞ ለካናዳውያን በዓል ነበር፤ የቶሮንቶ ገበያ ተዘግቶ ዋለ፤ ኒው ዮርክ ግን ሥራ ላይ ነበር። የዚያ ድርጅት ዋጋ በዚያ ጠዋት ኒው ዮርክ ላይ ወረደ። ቶሮንቶ ዝግ ነውና ዓርብ በቆመበት ቁጥር ላይ ቆሞ ቀረ።

ስልኬ ጮኸ።

«ሰብለዬ! እያየሽው ነው?»

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ሼሩን ነዋ! ከሥራ መጥቼ ቼክ ሳደርግ የኒው ዮርኩ ዳውን ሆኗል። የቶሮንቶው ግን ንቅንቅ አላለም! ሶ፣ አንዱ ሲወድቅ አንዱ ይቆማል ማለት ነው። እኔ እኮ በሁለት እግር ነው የቆምኩት! ጌታ እንዴት ጥበበኛ ነው!»

አፌን ከፈትኩ። «እትዬ፣ ዛሬ እኮ...» ብዬ ስጀምር ከኋላቸው «ሃሌ ሉያ!» የሚሉ የብዙ ሴቶች ድምፅ ሰማሁ።

«እህቶች እዚህ አሉ። ስፒከር ላይ ነሽ» አሉኝ። «እየመሰከርኩ ነበር። ጌታ ለባሪያው ሁለት እግር ሰጣት፣ አሜን በይ ሰብለዬ!»

ምን ልበል? በጸሎት ቡድናቸው ፊት፣ በምስክርነታቸው መካከል፣ «እትዬ ተሳስተዋል፣ ዛሬ በዓል ስለሆነ ነው» ልበላቸው? ያን ቃል ብናገር ያ ሁሉ ሃሌ ሉያ ምን ይሆናል? እኔ እንኳ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው አይደለሁም።

«አሜን» አልኩ።

በሚቀጥለው ቀን ቶሮንቶ ተከፈተና ልክ ኒው ዮርክ የወረደውን ያህል ወረደ። እትዬ አስካለ ከሌሊት ሥራ መጥተው ተኝተው ስለነበር አላዩትም። በሳምንቱ ሁለቱም ዋጋ ስለተመለሰ ነገሩ ተረሳ፤ ከእኔ በቀር።

ከዚያ በኋላ በነበረው ረቡዕ እትዬ አስካለ ከሁለት የቡድናቸው እህቶች ጋር ቢሮ መጡ። ያላቸውን ሁሉ፣ ሃያ ዓመት ያጠራቀሙትን፣ በዚያ ድርጅት ላይ ሊያደርጉ ነው። ግማሹን በኒው ዮርክ፣ ግማሹን በቶሮንቶ። ከሦስት አንዱን እጅ የሚለውን ደንብ አነሣሁባቸው።

«እሱ አንድ ቦታ ለሚያስቀምጥ ሰው ነው» አሉኝ። «እኔ ሁለት ቦታ ነው የማስቀምጠው።»

በልማዳችን መሠረት «እስቲ ያስረዱኝ» አልኳቸው። አስረዱኝ። ፊታቸው እያበራ፣ ወደ እህቶቻቸው እየዞሩ፣ ስለ ሁለቱ እግር በደንብ አድርገው አስረዱኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሕተት ነበር። ሁለቱ ሴቶች በአድናቆት ያዩዋቸዋል። ማታ ማታ ሽማግሌ ሲያገላብጡ የሚኖሩ ሴት፣ ለአንዲት ቀን ሰው የሚያደንቃቸው አዋቂ ሆነዋል። ያን ከፊታቸው ላይ መግፈፍ አቃተኝ። ነገ ብቻቸውን ሲሆኑ እነግራቸዋለሁ አልኩና «መልካም ነው እትዬ» ብዬ ትዕዛዙን አስገባሁ። በመዝገቡ ላይም «አስረድተዋል» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ስልክ አላነሡም። በሦስተኛው ቀን እኔ አልደወልኩም። ከዚያ ዋጋው መውጣት ጀመረ፤ ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ነገር የሚያነሣ ማን ነው? ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ፤ ቅጠሉ በእጄ ነበር።

ጋሼ መኩሪያ ዓይናቸው ድኖ ሲመለሱ መዝገቡን ገለጡ። ጣታቸው እትዬ አስካለ ላይ ቆመ።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ አንድ ድርጅት ላይ?»

«ራሳቸው ፈልገው ነው ጋሼ።»

«አስረድተውሻል?»

«አዎ፣ አስረድተውኛል።»

ቃሉ እውነት ነበር፣ ነገሩ ግን ውሸት። ጋሼ መኩሪያ መዝገቡን ዘጉት። እኔን ስላመኑ ነው የዘጉት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነቀዘ።

ከዓመት በላይ ሁሉ ነገር ደህና ሆነ። የትርፍ ድርሻው በየሦስት ወሩ ይመጣል፤ እትዬ አስካለ ፋሲካ ሲደርስ ለጋሼ መኩሪያ ከረባት፣ ለእኔ ሻርፕ ይገዛሉ። ሻርፑን አንድም ቀን አልለበስኩትም። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ሲቃረብ ለሚያሠራቸው ኤጀንሲ «በዚህ ክረምት አቆማለሁ» ብለው ነገሩ። ሊያዩት የሄዱት ቤትም ነበር፤ መሬት ላይ ያለ፣ ደረጃ የሌለው።

ከዚያ ድርጅቱ ጉዱ ወጣ። ካበደራቸው ሰዎች የብዙዎቹ የገቢ ማስረጃ የተጭበረበረ መሆኑን ራሱ አመነ፤ የትርፍ ድርሻውንም አቆመ። በሁለት ቀን ውስጥ ዋጋው ከግማሽ በታች ወደቀ። በኒው ዮርክም፣ በቶሮንቶም።

ጋሼ መኩሪያ ኮታቸውን አነሡ። «ወይዘሮ አስካለ ሲጠብቁ የኖሩት ይህን ክረምት ነው» አሉ። «ይህ በስልክ አይነገርም። ሥራ ጨርሰው ሲገቡ ቤታቸው በር ላይ እንጠብቃቸው።»

በማግስቱ ማለዳ ሃውቶርን ሄድን። እሳቸው ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ እኔም ሳላስበው ጥቁር ኮት ደርቤያለሁ። ጋሼ መኩሪያ ሕንፃው በር ላይ እጃቸውን አጣምረው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። እኔም አጠገባቸው አንገቴን ደፋሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የእትዬ አስካለ መኪና ገባ።

አሁን ሳስበው እንዴት እንዳልታየን ይገርመኛል። ሁለት ሐበሾች፣ በጥቁር ልብስ፣ በማለዳ፣ በር ላይ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

እትዬ አስካለ ፓርክ አድርገው ወጡ፤ አዩን፤ ቦርሳቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ወንድሜ ነው!» ብለው ጮኹ። «ወንድሜ ነው አይደል? ጌታዬ ኢየሱስ ሆይ! ወንድሜን!» ደረታቸውን እየመቱ አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ። ምድር ቤት የምትኖር አንዲት ሐበሻ ጎረቤታቸው ጩኸቱን ሰምታ በሌሊት ልብሷ ወጣች፤ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አብራቸው ማልቀስ ጀመረች።

«አይደለም! እትዬ፣ አይደለም!» እያልኩ ልይዛቸው ስል ይገፉኛል።

«አትዋሹኝ! በስንት ሰዓት ነው የሞተው?»

ጋሼ መኩሪያ ተንበረከኩ፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ልብስ። «ወይዘሮ አስካለ፣ ማንም አልሞተም። አክሲዮኑ ነው። አክሲዮኑ ወድቆ ነው።»

ልቅሶው ቆመ። እትዬ አስካለ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ሼሩ?»

«ሼሩ።»

«ገንዘብ ነው?»

«ገንዘብ ነው።»

«ሃሌ ሉያ!» ብለው እልል አሉ። ጎረቤታቸውም እንባዋን ሳትጠርግ አብራ እልል አለች። «እናንተ ሰዎች ልትገድሉኝ ነው እንዴ! ግቡ፣ ግቡ፣ ቁርስ ልሥራላችሁ።» እየሳቁ፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ደረጃውን ወጡ፤ እኛም ተከተልን። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም፤ እንደዚያ የሳቅሁበትም ጥቂት ነው።

እንቁላል ፍርፍር ሠሩልን፣ ሻይ ቀዱልን። የወንድማቸውን ደህንነት በስልክ አረጋገጡ። ከዚያ ተቀመጡና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ምንም ሳይመስላቸው ጠየቁ፦

«ሶ፣ የወደቀው የትኛው ነው? የኒው ዮርኩ ነው የቶሮንቶው?»

ጋሼ መኩሪያ የሻይ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ወደ እትዬ አስካለ አላዩም፤ ወደ እኔ ዞሩ። ያ አዲስ የተገፈፈ ዓይናቸው ምን ያህል ጥርት አድርጎ እንደሚያይ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ሁለቱም ናቸው» አሉ እኔን እያዩ። ቀጥለው ወደ እሳቸው ዞሩ። «ወይዘሮ አስካለ፣ ሁለት ቤት ያለው ሰው አለ አይደል? እዚህም ሚስት፣ እዚያም ሚስት። ያ ሰው የሞተ ቀን በሁለት ቤት ይለቀሳል። አንደኛው ቤት ውስጥ ሰውየው በሕይወት አይቆይም። ድርጅቱ አንድ ሰው ነው፤ ገበያዎቹ ሁለቱ ቤቶቹ ናቸው።»

እትዬ አስካለ ገባቸው። እስኪገባቸው የፈጀው አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ይህን ሳስብ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

«ግን ያን ሰኞ አንዱ ቆሞ ነበር እኮ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በዓል ነበር» አልኩ። «ቶሮንቶ ዝግ ነበር እትዬ።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አሜን ስትዪ?»

«አሜን ስልም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳላሳፍርዎ ብዬ ነው። እህቶች ፊት...»

«ሰብለ» አሉኝ። ዬ የለበትም። «እኔ ሌሊት ሌሊት የሰው ሽማግሌ ቂጥ የምጠርግ ሴት ነኝ። በምን ልታሳፍሪኝ ትችያለሽ?»

ጋሼ መኩሪያ አልረዱኝም፤ መርዳትም አልነበረባቸውም።

እትዬ አስካለ ወደ መስኮቱ አዩ። «ስንት ዓመት ነው?» አሉ በመጨረሻ። «ስንት ዓመት ልጨምር?»

ጋሼ መኩሪያ እርሳሳቸውን አውጥተው ናፕኪን ላይ ብዙ አሰሉ። «አራት» አሉ። «ጉልበትዎ ከቻለ።»

«ኦኬ» አሉ እትዬ አስካለ። ተነሥተው ሳህኖቻችንን ሰበሰቡ፤ ቀጥለው ኤጀንሲው ጋ ደውለው ክረምት ላይ እንደማያቆሙ ነገሩ። እኛ ፊት ነው የደወሉት። ድምፃቸው ደህና ነበር።

ቢሮው በር ላይ ስንደርስ ጋሼ መኩሪያ «እኔ ዓይኔን ሳስገፍፍ አንቺ ዓይንሽን ጨፈንሽ» አሉኝ። ያገኘነውን ኮሚሽን ለእትዬ አስካለ መለሱ፤ ለበላይ ድርጅታችንም ሁሉን እንዳለ ጻፉ። እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝና ለአንድ ወር ታገድኩ። ወሩ ሲያልቅ አያስጠጉኝም ብዬ ነበር፤ ስመጣ ግን እርሳሴን ቀርጸው አስቀምጠውልኛል። ዓመት ተኩል ያህል አብረን ሠርተን፣ በአንድ የጾም ወር አረፉ። ከዚያ ቢሮውን ሦስት ዓመት ያህል እኔ ያዝኩት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስፒከር ላይም ሆነ ሠርግ ላይ፣ ሰው የተሳሳተውን ሳልናገር አላለፍኩም። ደፋር ሆነች ተብዬ በብዙ ሰው ታማሁ። ጋሼ መኩሪያ ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር ብዬ እጽናናለሁ፤ ሲናፍቁኝም በዚያ በኩል ነው የሚናፍቁኝ።

እትዬ አስካለ አልራቁኝም፤ ፋሲካ ሲሆን ይደውላሉ፣ እኔም እሄዳለሁ። ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቀን አላነሣንም። ያ የጥርስ ሐኪም ሞተው ሌላ ሽማግሌ ተተኩ፤ እሳቸውም ሞተው ሦስተኛ መጡ። እትዬ አስካለ ሁሉንም አንሥተው አገላበጡ።

ቢሯችን በተዘጋ በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ።

«ነገ ጠዋት መጨረሻዬ ነው» አሉኝ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸዋል። «መኪናዬን አልነዳም ብያለሁ። ዌስትውድ ነይና ውሰጂኝ።»

ማለዳ ሄድኩ። ነጭ የሥራ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው፣ በነጠላ ጫማ ወጡ። አራት መቶ አምስት አውራ ጎዳና ላይ ትራፊኩ ቆሟል። አራት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ ደርሶ የሚመለሰውን ቃል በዚያ መኪና ውስጥ አወጣሁት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አራት ዓመት ወሰድኩብዎ።»

ከፊታችን ያለው ጭነት መኪና ሁለቴ ተንቀሳቅሶ ቆመ።

«እኔ ዱሮ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «ጌታዬም ይቅር ብሎሻል። ጉልበቴ ግን ይቅር አላለሽም። የራሱ አፍ አለው፤ ብለምነው እምቢ አለኝ።»

አለቀስኩ። እያለቀስኩ ነዳሁ። እሳቸው ከቦርሳቸው ሶፍት አውጥተው ሰጡኝና «መንገዱን እይ» አሉኝ።

ሃውቶርን ስንደርስ ያ ደረጃ እንደዱሮው አለ። ወርጄ ክንዳቸውን ያዝኩ። አንድ ደረጃ ወጥተን እናርፋለን፣ አንድ ደረጃ ወጥተን እናርፋለን። እኔ ሳላስበው፣ ቶሎ አድርሼ ላሳርፋቸው ብዬ ነው መሰለኝ፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረግሁ።

እትዬ አስካለ ቆሙ። መደገፊያውን ይዘው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ሳቁ።

«ቀስ በይ፣ ልጄ» አሉኝ። «ነገ ሥራ የለኝም።»